«ምንም አልታየም» የሚለው መስመር፦ የወሎን የዱር እንስሳት በየዓመቱ መዝግቦ ስለመያዝ

ጤና ይስጥልን፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ደብተር ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ጳጉሜን ማለቂያ በወሎ ምድር የታየ የዱር እንስሳ ሁሉ በየዝርያው የሚሰፍርበት ደብተር። ዓመቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ዝርያ ሞላ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አይከፋም፤ ብዙ ሰው ደብተሩን የሚጀምረውም በዚሁ ጉጉት ነው። እኛ ግን የሰው ደብተር ስናገላብጥ አስቀድመን የምንፈልገው ሌላ መስመር ነው፦ «ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ተጓዝን፤ ምንም አልታየም» የሚል። እንዲህ ያለ መስመር የሌለበት መዝገብ ሠላሳ ዝርያ ቢደረድርም ካለፈው ዓመት ጋር ሊተያይ አይችልም። «ሚዳቋ ዘንድሮ ጠፋ» ሲባል እውነት ሚዳቋው ጠፍቶ ነው ወይስ ፈላጊው ቤቱ ተቀምጦ ነው? ይህን የሚመልሰው ባዶው መስመር ነው።

ወሎ ለዚህ ሥራ የታደለ አገር ነው። ከባቲ ቆላ በማለዳ ተነሥታችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ፣ ከዚያም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ በኩል ጉጉፍቱ ብትወጡ፣ ገና ሳይመሽ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። በላስታ በኩል አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንስሳቱም እንደ ሰዉ በየአየር ጠባዩ ተደላድለዋል። ከባቲ ወደ አፋር ሲወረድ ነጭ ዝንጀሮ፣ እንሹና ከርከሮ አለ። በወይና ደጋው ጫካና ቁጥቋጦ ድኩላ፣ ሚዳቋና ጦጣ ይገኛሉ። ገደል ባለበት ሁሉ ሽኮኮና ሰስ፣ ከፍ ሲልም ጭላዳ አለ። ጓሳና ጅባራ በሚበቅልበት ውርጭ ደግሞ ቀይ ቀበሮ። ጅብማ የሌለበት ቦታ የለም።

ስለዚህ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ወሰኑን ይናገር። «ወሎ» ስንል ሰሜንና ደቡብ ወሎ ዞኖችን ብቻ ነው? ባቲና ከሚሴ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናቸው፤ ይግቡ ወይስ አይግቡ? ወይስ የድሮውን ክፍለ ሀገር እንዳለ ነው የያዝነው? የትኛውም መልስ ልክ ነው፤ ጥፋት የሚሆነው በየዓመቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ዓመት ባቲን ጨምሮ በሚቀጥለው ያስቀረ ሰው ነጭ ዝንጀሮ ከወሎ የጠፋ ይመስለዋል።

በዚያው ገጽ ላይ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር ይጻፍ። የሚቆጠረው በሕይወት ያለ፣ ያልታሰረና ሰው ያላመጣው እንስሳ ነው። መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር የተገኘ ጥርኝ ወይም ጃርት በድምር አይገባም፤ ግን ለብቻው ገጽ ተሰጥቶት ከነቦታው ይጻፋል። እንዲያውም በሌሊት ስለሚሄዱ እንስሳት ብዙ ዕውቀት የሚገኘው ከዚህ ገጽ ነው። የቤት ድመት ጫካ ገብታ ብትገኝ የዱር ድመት አትባልም። ባለቤት የሌለው ውሻም ከሩቅ ሲታይ ተኩላ ይመስላልና ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠሩ። ብዙዎች ከውጭ የመጣውን ልማድ ይዘው መዝገባቸውን ከታኅሣሥ 23 ገደማ ጀምሮ ይከፍታሉ። እኛ መስከረም 1ን የምንመርጠው ለወግ ብለን ብቻ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች፣ ነጭ ሽመላውም፣ ዳክዬውም፣ በመስከረምና በጥቅምት ገብተው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ተመልሰው ይሄዳሉ። በእኛ አቆጣጠር የአንድ ወቅት እንግዶች በአንድ ዓመት ደብተር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባሉ። በፈረንጆቹ ዓመት ግን ያው አንድ ወቅት ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ በዚህ ዓመት፣ ግማሹ በሚቀጥለው ይቆጠራል።

ችግሩ የሚመጣው መዝገቡ በስልክ ወደ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት፣ ለምሳሌ ወደ አይናቹራሊስት ወይም ወደ ኢበርድ፣ ሲላክ ነው። መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን፣ ማለትም የሉቃስ ዘመን አልቆ ዮሐንስ ሲገባ፣ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። 2016 እንዲህ ነው የገባው። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ጭላዳ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ታይቶ ቁጥሩ እንዳለ «2፡00» ተብሎ ከተላከ፣ ማሽኑ የሚረዳው ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ጭላዳ ገደል ውስጥ ተኝቷል። ደብተሩ ላይ በእኛ ሰዓት «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስትልኩ ብቻ የቀኑን 6 ሰዓት ጨምራችሁ ለውጡት። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ዓምድ መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም።

ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፤ መጻፊያው እርሳስ። የደሴን ጭጋግና የክረምቱን ዝናብ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አንድ ጊዜ ከረጠበ ግማሽ ዓመት ይዞ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ጉዞ የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቀን፣ የተነሣንበትና የጨረስንበት ሰዓት፣ የቦታው ስም፣ ከፍታው፣ አየሩ (ብራ፣ ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ነፋስ)፣ ስንት ሰው እንደነበርን። ከዚያ ለእያንዳንዱ እንስሳ ዝርያው፣ ቁጥሩ፣ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ የማስረጃው ደረጃ። የቦታ ነጥብ ከስልክ ሲወሰድ ከነጥብ በኋላ አራት አኃዝ ይበቃል፤ አራተኛው አኃዝ መሬት ላይ 11 ሜትር ያህል ነው። ሰሜኑና ምሥራቁ እንዳይገለበጥ ግን አደራ። ደሴ በሰሜን 11፣ በምሥራቅ 39 ዲግሪ ላይ ናት። ቁጥሩን ብታገላብጡት እንስሳው ሜዲትራንያን ባሕር መካከል ይገኛል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዋን ነጥብ ካርታ ላይ ከፍቶ ማየት።

የማስረጃ ደረጃ ያልነውን በአራት ፊደል እንከፍለዋለን። «ሀ» ማለት ፎቶ ያለው ወይም ሁለት ሰው ለየብቻ አይቶ ያለምንም ንግግር አንድ ስም የሰጠው ነው። «ለ» አንድ ሰው በደንብ ያየው። «ሐ» ኮቴ፣ ኩስ፣ እሾህ፣ ድምፅ። «መ» የአካባቢው ሰው የነገረን። ለዓመቱ ድምር የሚገቡት «ሀ» እና «ለ» ብቻ ናቸው። አንድ የምንፈቅደው ነገር የጅብ ጩኸት ነው፤ ከምንም ድምፅ ጋር ስለማይምታታ እንዳየነው እንቆጥረዋለን። «መ» የተባለው አይናቅ። ድምር ውስጥ ባይገባም የሚቀጥለውን ጉዞ ወዴት እንደምናደርግ የሚነግረን እሱ ነው።

መዝገብ ከሁሉ በላይ የሚበላሸው በስም ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ይሻላል።

«ቀበሮ አየን» የሚል መዝገብ ምን አየ ማለት ነው? ቀበሮ ሲባል አንዱ ቀይ ቀበሮን ያስባል፤ ሌላው በየመንደሩ ዳር የሚዞረውንና በግ የሚነጥቀውን ግራጫማ አውሬ። የኋለኛውን አንዳንድ ቦታ ተኩላ ይሉታል። እሱ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ በመጻሕፍት ውስጥ ከእስያው ቀበሮ ጋር እንደ አንድ ዝርያ ይታይ ነበር፤ የዘር ምርመራ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን ካሳየ በኋላ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሉፓስተር ሆኗል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የለም፤ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። በወሎ በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ፣ በደላንታና በቦረና ሳይንት ከፍታዎች ይኖራል። በደብተሩ ላይ አንዲት ቃል ማሳጠር ከዚህ ሁሉ አንዱን ከሌላው ያደባልቃል ማለት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ጅራቱን ተመልከቱ። የቀይ ቀበሮ ጅራት ከመነሻው በታች በኩል ነጭ ሆኖ ወደ ጫፉ ጥቁር ጎፈር ይሆናል። ሰውነቱ የሸክላ ቅላት አለው፤ ጉሮሮው፣ ደረቱና ሆዱ ከቅላቱ በግልጽ የተለየ ነጭ ነው። እግሩ ረዘም፣ አፍንጫው ቀጠን ብሎ ሾጠጥ ያለ ነው። ያኛው ቢጫማ ግራጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቁር ጠጉር ጣል ጣል ይላል፤ ቅላትና ንጣቱን የሚለይ ድንበር የለውም። አመሉም ያጋልጠዋል። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ቢኖርም አደን የሚወጣው ብቻውን ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ጓሳው ውስጥ ኮቴውን ሳያሰማ ይሄድና ድንገት ቀጥ ይላል። ጆሮውን ወደ ፊት ያቀናል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለአፍታ እንደ ድንጋይ ይቆማል። ከዚያ ብድግ ብሎ በሁለት የፊት እግሩ ይወርድና አፍንጫውን ከነዓይኑ ሣሩ ውስጥ ይቀብራል። አይጥ ነው የሚፈልገው። ይህን ያየ ሰው ዝርያውን ለመለየት ጅራቱንም መጠበቅ አይኖርበትም።

ሁለተኛው የስም ወጥመድ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው፤ ውሎው ተቀምጦ ሣር መንቀል ነው፤ አንዱን ቦታ ሲጨርስ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንሸራተተ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ነጭ ዝንጀሮ ወንዱ ብርማ ካባ የለበሰ ይመስላል፤ ፊቱና መቀመጫው ሮዝ ነው። ሴቷ ግን ቡናማ ናት፤ ብቻዋን ስትታይ ታሳስታለች። አኑቢስ የሚባለው ዝንጀሮ ደግሞ ጠቆር ያለ የወይራ ቀለም አለው፤ ጅራቱ ከመነሻው ትንሽ ቆሞ ከዚያ እንደተሰበረ ይታጠፋል። ነጭ ዝንጀሮና አኑቢስ በሚገናኙበት በአዋሽ ሸለቆ እንደሚዋለዱ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ያልለየ ነገር ሲገጥማችሁ «ፓፒዮ (የሁለቱ የወል ሳይንሳዊ ስም)፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ መጻፍ ያስከብራችኋል እንጂ አያሳፍርም።

ሽኮኮን የምናነሣው የከተማ ልጆችና አንዳንድ መጻሕፍት ዛፍ ላይ የምትሮጠውን ባለ ረዥም ጅራት እንስሳ በዚህ ስም ስለሚጠሩ ነው። በወሎ ገደል ላይ ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ጅራት የለሹ ሽኮኮ ሌላ ነው። ዋልያ የሚል መዝገብ ከወሎ ከመጣ ደግሞ በቀጥታ ጥያቄ ምልክት ይደረግበት። ዋልያ በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው የሚኖረው፤ የታየው ምናልባት ሰስ ነው። ሰስ ቋጥኝ ላይ በሰኮናው ጫፍ ቆሞ እንደ ባሌሪና የሚመስል ትንሽ እንስሳ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንድና ሴት ሆነው ይታያሉ። ሚዳቋ ግን የቁጥቋጦ ናት፤ ግንባሯ ላይ ጉንጉን ጠጉር፣ አፍንጫዋ ላይ ጥቁር መስመር አላት። ከሁሉም በጎን የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም በፊደላችን እንኳ ቢሆን መጻፍ ተገቢ ነው፤ ስም ሲለወጥ ምን እንደታየ ለማወቅ ይረዳል።

አይጦችን በዚህ ደብተር ላይ እናልፋቸዋለን። «አይጥ» ውስጥ በርካታ ዝርያ አለ፤ ያለ ወጥመድና ያለ ባለሙያ በዓይን መለየት አይቻልም። ፍልፈል ብቻ፣ ከጉድጓዱ አናቱን ብቅ ሲያደርግ ከታየ፣ ይመዘገባል። ከባሌ የሚነገረው ግዙፉ ፍልፈል ግን እዚህ የለም።

ብዙውን እንስሳ ሳናየው ነው የምናውቀው። ገደል ጥግ ባለ ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ቅጥራን የመሰለ ጥቁር ጠብታ ደርቆ ብታገኙ ጣታችሁን አስጠግታችሁ ተመልከቱት። ሰስ ከዓይኑ ፊት ካለ ዕጢ የሚያወጣውን ፈሳሽ በዚያች ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ አድርቆ «ይህ ቦታ የኔ ነው» ያለበት ምልክት ነው። የአንዲቱ ቅርንጫፍ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከመቀባቱ የተነሣ ክብ ዶቃ ይሆናል። የጅብ ኩስ ሲደርቅ የሚነጣው አጥንት ስለሚበላ ነው። ኮቴውም ያስታውቃል፤ የፊት እግሩ ከኋለኛው ይተልቃል፤ የጥፍሩ ምልክት ይታያል። ነብርና አነር ግን እየተራመዱ ጥፍራቸውን ስለሚሰበስቡ ኮቴያቸው ጥፍር አልባ ነው። ጥርኝ ኩሱን በአንድ ቦታ እየደጋገመ ይጥላል፤ ውስጡ የፍሬ ዘርና የነፍሳት ቅርፊት ይሞላዋል። ኮቴ ፎቶ ሲነሣ ጎኑ ላይ ሳንቲም ወይም እርሳስ አድርጉ፤ መጠኑ የማይታወቅ ኮቴ ማስረጃ አይሆንም። ፎቶው የሚያምረው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጥላው ሲረዝም ነው።

ከእኛ ሁሉ በላይ የሚያውቁት እረኞችና ሽማግሌዎች ናቸው። ግን አጠያየቅ ያስፈልገዋል። «ቀይ ቀበሮ አይተሃል?» ያልነው ልጅ እኛን ለማስደሰት ብሎ «አዎ» ይላል። «እዚህ ጓሳ ውስጥ ምን ምን አውሬ ይታያል? ቀለሙ ምን ይመስላል? ጅራቱስ? ቀን ነው ማታ የሚወጣ? ምን ሲበላ አየኸው?» ብትሉት እናንተ ያላሰባችሁትን ይነግራችኋል። ሽማግሌ ከሆኑ ቁጭ ብሎ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ቡና ከቀረበ እስከ በረካው ቆይቶ፣ «አባባ፣ ድሮ የነበረ፣ አሁን የማይታይ አውሬ አለ?» ማለት ነው። «እገሌ ከታመመ ዓመት ጀምሮ»፣ «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት» እያሉ የሚያስቀምጡት ዘመን እጅግ ዋጋ አለው፤ ልክ በተናገሩት ቃል ይጻፍ። በድርቁ ጊዜና ከዚያ በኋላ የተከለሉ ተራሮች በየቦታው አሉ፤ ተራራው ከተከለለ በኋላ ምን እንደተመለሰ የሚያስታውሱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የሰብል ጉዳት ሲያነሡም ዝም ብላችሁ ስሙ። ጃርት ድንቹን፣ ጭላዳ ገብሱን በልቶበት ለተቆጣ ገበሬ እኛ ልንሰጠው የማንችለውን ካሣ ተስፋ ማስያዝ ሁለተኛ በር ያዘጋብናል።

አሁን ወደ ባዶው መስመር እንመለስ። በዘፈቀደ ከመዞር ይልቅ ሦስት የተወሰነ መንገድ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል፣ በተለያየ ከፍታ። አንዱን ለምሳሌ ኮምቦልቻ አጠገብ በየጎፍ ደን፣ አንዱን ከደሴ በላይ በጦሳ ተዳፋት፣ አንዱን ጭላዳ በሚውልበት ገደል አፋፍ። እያንዳንዱን በወር አንድ ጊዜ፣ ከንጋቱ 12፡30 ጀምሮ፣ ሁለት ሰዓት በዝግታ ይጓዟል። በዓመት 36 ጉዞ ነው፤ 72 ሰዓት። ሁልጊዜ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል።

ለምን ይህን ያህል እንደምንጠነቀቅ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሩን ለማስረዳት ያስቀመጥነው ነው። ባለፈው ዓመት በ72 ሰዓት ሚዳቋ 18 ጊዜ ታየች እንበል። ዘንድሮ በሕመምና በመንገድ ምክንያት 20 ጉዞ ብቻ ተደረገ፤ 40 ሰዓት፤ 12 ጊዜ ታየች። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ከ18 ወደ 12 ወረደች፤ ጉድ ፈላ» ይላል። በየ10 ሰዓቱ ስናሰላው ግን ባለፈው ዓመት 2.5፣ ዘንድሮ 3 ነው። ሚዳቋዋ አልቀነሰችም፤ የቀነሰው የእኛ እግር ነው። የተሄደበት ሰዓት ያልተጻፈበት ደብተር ይህን ሊነግረን አይችልም። ባዶ ጉዞውን የዘለለ ደብተርማ ይባስ ብሎ ያዋሸናል፤ እንስሳ የታየበትን ቀን ብቻ ስለያዘ ምንጊዜም ሁሉም ነገር የሞላ ይመስላል።

መንጋ ሲቆጠር ደግሞ ሌላ ጥበብ አለ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ውስጥ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ይወጣል። ከተበተነ በኋላ መቁጠር ከንቱ ነው፤ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ሣር ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ማንም ሊይዘው አይችልም። አፋፉን ሲሻገሩ፣ አንዲት ቋጥኝ ወይም ጅባራ እንደ በር ምረጡና ያንን ያለፈውን ብቻ ቁጠሩ። ሁለት ሰው ለየብቻው ይቁጠር፤ ሳይነጋገሩ ይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከመቶ አሥር በላይ ከተለያዩ እንደገና ሌላ ቀን ይቆጠራል። ጥቁር ጠጉር ያላቸው ግልገሎች እናት ላይ ተለጥፈው ስለሚያልፉ ይዘነጋሉ፤ ለብቻ ቁጠሯቸው፤ በወሩ ስንት እንደተወለደም የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ድርብ መቁጠርን የምንፈራው ደግሞ ሽኮኮ ላይ ነው፤ ገብቶ ይወጣል። በአንድ ቋጥኝ ላይ በአንድ ጊዜ የታየውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፉ፤ እየደመራችሁ አትሂዱ።

አውቶማቲክ ካሜራ ያላችሁ ካላችሁ ጥቂት ነገር እንበል። ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከዞረ የጠዋትና የማታ ፀሐይ እየቀሰቀሰው ማስታወሻው በባዶ ፎቶ ይሞላል። ከፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው አንድ ዘለላ ብቻ ባትሪውን ይጨርሳል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ የተነሣ አንድ ዝርያ አንድ ጊዜ እንደታየ ይቆጠራል። ካሜራ የሌላችሁ አብሽሩ፤ ስልክና 8 በ42 የሆነ አቅራቢ መነጽር በቂ ነው። እሱም ከሌለ ዓይንና ትዕግሥት።

ወቅቱን ማወቅም ግድ ነው። በመስከረም ሣሩ ደረት ይደርሳል፤ እንስሳ አለ፣ አይታይም። ከኅዳር ጀምሮ ሰብሉ ሲነሣ ሜዳው ይገለጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ብዙ ነገር የሚታይበት ጊዜ ነው። በልግ በሚዘራበት የወሎ ደጋ የካቲትና መጋቢት ላይ ቡቃያው ለሚዳቋም ለጃርትም ግብዣ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ በደጋው ጭጋግ ስለሚውል ጉዞው ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ቢሆንም ይኬዳል፤ ይጻፋል። ክረምቱን የዘለለ ሰው የሚቀጥለው ክረምት ከሌላው ሲለይ በምን ያውቀዋል?

የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች እንዲሁም በከሚሴ በኩል ያለው የጨፋ ረግረግ የወፍ ደብተር ለያዘ ሰው ዋና ቦታዎች ናቸው። ወፍ በአሥር በአሥር እየከፈሉ ነው የሚቆጠር፤ አሥሩ በዓይን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ከለመዳችሁ በኋላ ያንን ልክ መንጋው ላይ ታስቀምጡታላችሁ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ሴቶች ስለማይገቡ የምድብ ዕቅድ ስታወጡ ከወዲሁ አስቡበት፤ ሁሉም አባል እኩል የሚቆጥርበት የሐይቁ ዳርቻ ሞልቷል።

የፈቃድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በአንገቱ መነጽር፣ በእጁ ካሜራ ይዞ ገደል ለገደል የሚዞር ባዕድ ሰው ባለንበት ጊዜ ያጠራጥራል። ለቀበሌው አስቀድሞ መናገር፣ የአካባቢውን ሰው ይዞ መሄድ፣ ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በድሮ ስሙ ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ሲኬድ በመግቢያው ፈቃድና አስጎብኚ መያዝ ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ውጊያ በነበረባቸው ቦታዎች ምሽግ ውስጥ አትግቡ፤ መሬት ላይ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ፤ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ለሚመለከተው ተናገሩ። ውሻ ይዛችሁ ወደ ቀይ ቀበሮ አገር አትውጡ። የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ወረርሽኝ በባሌ ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የጨረሳቸው ከውሾች ተሻግሮ ነው፤ ወሎ ያሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው።

የቀይ ቀበሮና የነብር ትክክለኛ ነጥብ በማኅበራዊ ገጽ ላይ አይለጠፍም። የቀይ ቀበሮ ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጉድጓድ ያገኘ ሰው ርቆ አይቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለስ። ደብተሩ ላይ ሙሉው ነጥብ ይጻፋል፤ ለሕዝብ የሚወጣው ግን የወረዳው ስም ብቻ ነው። አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ነጥብ በራሱ ይሰውራል፤ ፎቶው ላይ ተራራው በግልጽ ከታየ ግን መሰወሩ ምን ዋጋ አለው? ፎቶው ይቆረጥ።

ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ናት፤ እኛ ለደብተሩ ነው የምንሰጣት። የመጀመሪያው ቀን «ሀ» እና «ለ» ያልናቸውን ከነፎቷቸው እንደገና ማየት ነው፤ ካየነው ከወራት በኋላ የሚጠራጠር ዓይን የተሻለ ዓይን ነው። አንድ ላይ ያልተስማማንበት ካለ ወደ «ሐ» ይወርዳል፤ ሲወርድ ግን አይሰረዝም፤ ጎኑ ላይ ምክንያቱ ይጻፋል። ቀጥሎ የዝርያዎቹን ቁጥር በየወሩ ስንት አዲስ እንደተጨመረ እያደረግን በመስመር እንስላለን። መስመሩ እስከ ሰኔ ድረስ ሽቅብ እየሄደ ከነበረ ገና አላዳረስንም ማለት ነው፤ ከጥር ጀምሮ ጠፍጣፋ ከሆነ መንገዶቻችን የሚሰጡትን ሰጥተዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት አራተኛ መንገድ ይፈልጋል። ከዚያ ደብተሩ በስልክ ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣል፤ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንዱ ቅጂ ደብተሩ ከተያዘበት ቤት ሌላ ቤት ይሁን።

በመጨረሻው ቀን «መ» የተባሉትን ሁሉ በአንድ ገጽ እንገለብጣለን። እረኛው «እዚያ ገደል ሥር አነር ይታያል» ያለው፣ ሽማግሌው «ድሮ እዚህ አዋልድጌሳ ይቆፍር ነበር» ያሉት። ያ ገጽ የአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል፤ መስከረም 1 ንጋት 12፡30 ላይ የምንሄደውም እዚያ ገደል ሥር ነው።